ውኃንና ነፋስን ስለ ማጥራት፤ በጁባ ለሚኖር ቤተሰብ የቀረበ መመሪያ

የቀደሙ ሊቃውንታችን ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩን፣ ከአራቱ መካከል ሰው በየዕለቱ ወደ ውስጡ ሳያስገባ ሊኖር የማይችለው ሁለቱን፣ ውኃንና ነፋስን፣ መሆኑ ልብ ይሏል። በጁባ ከተማ፣ ይልቁንም ከአገር ቤት መጥተው በንግድና በሆቴል ሥራ ተሰማርተው በኪራይ ግቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ እነዚህ ሁለት ባሕርያት ወደ ቤት የሚገቡት ብቻቸውን አይደለም፤ ውኃው ደለልንና ዓይን የማያየውን ተሐዋሲ፣ አየሩም የጄኔሬተር ጢስንና የበጋ አቧራን አስከትለው ይመጣሉ። ስለዚህም ማጣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ነጋዴው ደዌውን ሳይጠይቅ መድኃኒቱን የሚያወድስ ስለ ሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የራሱን ውኃና የራሱን አየር ሊመረምር ይገባዋል።

የመጀመሪያው ተግባር የውኃዎን ነቅዕ ማወቅ ነው። በጁባ የሚጠጣው ውኃ በአራት መንገድ ይመጣል፤ አንደኛው የከተማው የውኃ ኮርፖሬሽን የሚያድለው የቧንቧ ውኃ ሲሆን ወደ ብዙው ሰፈር ገና አልደረሰም፤ ሁለተኛው ቦቴ መኪና ከወንዝ ዳር ቀድቶ ወደ ግቢው ሮቶ የሚሞላው ነው፤ ሦስተኛው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳበው፤ አራተኛው ታሽጎ የሚሸጠው ነው። የወንዙ ነገር ከተነሣ፣ በጁባ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ የእኛው የጣና ውኃ የሚመስላቸው አንዳንድ ወገኖች አሉና፣ ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች ወጥቶ በኒሙሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚወርድ፣ ከእኛው ዓባይ ጋር የሚገናኘውም ካርቱም ሲደርስ ብቻ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ መናገር ይገባል። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር በሚዘልቀው የዝናም ወራት ጎርፍ አፈሩን እያጠበ ስለሚያመጣበት ወንዙ ይደፈርሳል። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ለዓይን የጠራ ሆኖ ሳለ በብዙ ሰፈር ጨዋማ ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከቤት ቤት በተጠጋጋበት ሰፈርም ከላይ የሰረገው ነገር ወደ ታች ሊደርስበት ስለሚችል መጥራቱ የንጽሕናው ምስክር አይሆንም።

ውኃ በቦቴ የሚያስመጡ ከሆነ ሾፌሩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ከየትኛው መቅጃ እንደ ቀዳ፣ በመቅጃው ክሎሪን ተጨምሮበት እንደ ሆነ፣ መኪናውም ከውኃ በቀር ሌላ ፈሳሽ ጭኖ ያውቅ እንደ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ የአገር ልጅም ሊሆን ስለሚችል በወንድምነት ቢጠይቁት አይከፋውም። እ.ኤ.አ. በ2014ም ሆነ በ2016 ኮሌራ በጁባ ሲነሣ እንደ ታየው፣ ከወንዝ ተቀድቶ ሳይታከም የሚጠጣ ውኃ የሰውን ሕይወት በሰዓታት ውስጥ የሚያሳልፍ ነገር ነውና ይህ ጥያቄ ነገረኝነት ሊባል አይገባውም።

ቀጥለው ራስዎ ይፈትኑት። ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በታተመ ገጽ ላይ ያቁሙትና በአፉ በኩል ቁልቁል ይመልከቱ፤ ትልልቁ ፊደል የማይነበብ ከሆነ ውኃው ለክሎሪንም ለማጣሪያም ገና አልተዘጋጀም። ከዚያም ይቅመሱት፤ በምላስዎ ላይ ጨው ጨው ካለ፣ በማንቆርቆሪያዎም ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ፣ የማዕድን ብዛት አለበት ማለት ነው። ጠላቶቹ እንግዲህ ሦስት ናቸው፤ ግዙፉ ደለል፣ ረቂቁ ተሐዋሲ፣ ከሁሉ የረቀቀውም በውኃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን። ግዙፉን የሚይዝ ረቂቁን አያግትም፤ ረቂቁን የሚገድልም የሟሟውን አያወጣም። ከመተሐራ ወይም ከሌላው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል፤ በዚያ ጥርስን የሚያወይበውና አጥንትን የሚያጣምመው ፍሎራይድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የወሰነለት፣ ውኃውን በማፍላት የማይጠፋ፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የሚበረታ ነው። አንድ ዕቃ «ሁሉን ያጠራል» ብሎ የሚሸጥልዎትን ሰው ስለዚህ በጥርጣሬ ያዳምጡት።

ሁለተኛው ተግባር ደለሉን ማዝቀጥ ነው። ውኃውን በበርሜል ቀድተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ መቅጃ ቧንቧው ከበርሜሉ ግርጌ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የተገጠመ ይሁን፤ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ በየጊዜው ይድፉት። በጥቅምትና በኅዳር፣ ወንዙ እንደ ደፈረሰ ሳለ፣ አንድ ሌሊት የማይበቃው ከሆነ ጥቂት ሸብ ሟሙቶ ይጨመርበትና በመጀመሪያ ፈጠን ተደርጎ፣ ኋላ በዝግታ ተማስሎ ይተው። የሱዳን ሴቶች በሸብ ፋንታ የሞሪንጋን ፍሬ ፈጭተው በደፈረሰው የዓባይ ውኃ ላይ ይጨምሩ እንደ ነበር ሰሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባለችው ተመራማሪ ካርቱም ተቀምጣ በሰፊው አጥንታለች፤ ይህ ዛፍ በኮንሶና በጋሞ ቅጠሉ የሚበላው፣ እኛ ሽፈራው የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው። ለውኃ የሚሆነው ግን ቅጠሉ ሳይሆን የፍሬው ውስጥ ነው፤ በፍሬው የጠራ ውኃም ውሎ ሲያድር ስለሚሸት በዕለቱ ማለቅ አለበት፤ መጥራቱም ተሐዋሲውን ገደለ ማለት አይደለም።

ከዚህ ጋር የጨርቅ ማጥለያን ነገር ሳላነሣ ባልፍ አገሩን እበድላለሁ፤ በዓለም ላይ ከሁሉ የረከሰው ማጣሪያ ታላቁን ሥራ የሠራው በዚሁ በደቡብ ሱዳን ነውና። የጊኒ ትል የሚባለው፣ በእኛም አገር በጋምቤላ የሚታወቀው ደዌ፣ በኩሬ ውኃ ውስጥ ከምትኖር እጅግ ታናሽ ነፍሳት ጋር ተጠጥቶ ወደ ሰው የሚገባ፣ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላም ረጅም ትል ሆኖ የእግርን ቆዳ ቀዶ የሚወጣ ነው። ነፍሳቷ በጥብቅ የናይሎን ጨርቅ ስለምትያዝ፣ የጨርቅ ማጥለያ ለሕዝቡ ይታደል ዘንድ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1995 የሱዳንን ተፋላሚዎች አስማምቶ ስድስት ወር ያህል የዘለቀ የተኩስ ማቆም አስገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 በደቡብ ሱዳን 20,581 ሕሙማን ተቆጥረው የነበሩ ሲሆን ዛሬ በዓመት የሚገኙት በጣት የሚቆጠሩ ሆነዋል። በባንግላዴሽም የኮሌራ ተሐዋሲ በእነዚሁ ነፍሳት ዘመዶች ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር፣ ያረጀ ሳሪ አራት ጊዜ ዐጥፈው ያጠለሉ መንደሮች ኮሌራው በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰላቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል፤ ያረጀው ከአዲሱ የተሻለበት ምክንያት በመታጠብ ብዛት ክሩ ስለሚያብጥና ቀዳዳው ስለሚጠብ ነው። ነጠላ ግን ሽመናው የላላ ስለ ሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ጥብቅ የሆነ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይምረጡ። ለልጆቻቸው ግማሽ ጥበቃ ይበቃል የሚል ወላጅ ስለማይኖር ግን ወደ ሦስተኛው ተግባር እንሻገር።

ይህም ማጣሪያውን መምረጥ ነው። ለብዙው ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ሁለት ባልዲ ተደራርቦ በመካከሉ የሸክላ ሻማ የተተከለበትን፣ ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚንጠባጠብበትን ማጣሪያ ነው። መብራት አይሻም፣ ግፊት አይሻም፤ ሲደፈንም በለስላሳ ቡርሽና በንጹሕ ውኃ ይታሻል። የሉዊ ፓስተር ረዳት የነበረው ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1884 ባክቴሪያን የሚያግት የሸክላ ማጣሪያ ሠራ፤ ቫይረስ የሚባለው ከባክቴሪያ እጅግ የሚያንስ ነገር መኖሩ የታወቀውም ከዚሁ ማጣሪያ አምልጦ በመገኘቱ ነው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሸክላ ሻማ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ ይማራሉ፤ ለዚህም ነው ከሻማው በኋላ ክሎሪን የሚያስፈልገው። ሻማው ጥቂት እንኳ ከተሰነጠቀ ተሐዋሲው በስንጥቁ ስለሚያልፍ ያለ ርኅራኄ ይጣል።

ክር በመሰሉ ባዶ ቱቦዎች የሚያጣራው ዓይነት ደግሞ ፈጣን ነው፤ ቀዳዳው 0.1 ማይክሮን የሆነው ባክቴሪያን፣ 0.02 ማይክሮን የሆነው ቫይረስንም ይይዛል፤ ነገር ግን በየጊዜው ንጹሕ ውኃ በተቃራኒ አቅጣጫ ካልተገፋበት ቶሎ ይደፈናል። የከሰል ማጣሪያ የተባለው ሽታንና የክሎሪንን ጣዕም ያስወግዳል፤ ተሐዋሲን አይገድልም፤ ሳይለወጥ ከቆየም ራሱ የተሐዋሲ ማደሪያ ይሆናል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያክመው መሣሪያ ውኃው ጽሩይ ካልሆነና መብራት ካልዘለቀ ከንቱ ነው፤ የከተማው መስመር እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ወደ አንዳንድ ሰፈሮች ቢመለስም መብራቱ ሳይቋረጥ ይውላል ብሎ የሚተማመን የጁባ ነዋሪ አላጋጠመኝም።

ጉድጓድዎ ጨዋማ ከሆነ ብቻ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ጨዋማ ከሆነ ብቻ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን መሣሪያ ያስቡ። ይህ መሣሪያ ውኃውን በረቂቅ ስስ ሽፋን ውስጥ በግድ አሳልፎ የሟሟውን ማዕድን ያስቀራል፤ ለዚህም ሦስት ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። ሮቶዎ በአሥር ሜትር ማማ ላይ ቢሰቀል እንኳ የሚሰጥዎ ግፊት አንድ ባር ብቻ ስለ ሆነ ተጨማሪ ፓምፕ፣ ለፓምፑም መብራት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ለማጥራትም ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሊትር ያፈሳል፤ ውኃ በቦቴ ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብን መድፋት ነው፤ የራሱ ጉድጓድ ያለው ግን የተረፈውን ለወለል ማጠቢያና ለመጸዳጃ ሊያውለው ይችላል።

ዕቃው እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የቤት ውኃ ማከሚያዎችን ፈትኖ በኮከብ እንደሚመድብ ይወቁ፤ ሦስት ኮከብ ያገኘው ከ10,000 ባክቴሪያ ከአንድ የበለጠ የማያሳልፍ፣ ቫይረስንም ከዚያ አብልጦ የሚያግት ነው። በማሸጊያው ላይ «ኤን ኤስ ኤፍ 42» የሚል ካዩ ያ ምስክርነት ስለ ጣዕምና ስለ ሽታ እንጂ ስለ ጤና አይደለም፤ ስለ ጤና የሚመሰክረው 53 ነው፤ እሱም ቢሆን በሰነዱ ላይ በስሙ የተጠራውን ነገር ብቻ ይመለከታል።

አራተኛው ተግባር ማከም ነው፤ በክሎሪን ወይም በማፍላት። ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላ የነበረውን ሦስት ደቂቃ ያፈሉ የነበሩ እናቶች እዚህ አንድ ደቂቃ ቢያንተከትኩት ይበቃል። ነገር ግን ማፍላቱ በከሰል የሚሆን ከሆነ አንዱን ባሕርይ ለማጥራት ሌላውን ማርከስ ይሆናል፤ ስለዚህ እኔ ክሎሪንን አስቀድማለሁ። አገር ቤት «ውኃ አጋር» በሚል ስም የምናውቀው ፈሳሽ ዘመድ የሆኑ እንክብሎች በጁባም ይገኛሉ፤ 67 ሚሊግራም የሆነው የአኳታብስ እንክብል ለ20 ሊትር የጠራ ውኃ ነው፤ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይታገሡ። ውኃው ደፍርሶ ለማጥራት ጊዜ ካጡ፣ አራት ግራም የሆነው የፒዩር ዱቄት 10 ሊትር ውኃን ደለሉንም አዝቅጦ ተሐዋሲውንም ይገድላል፤ አምስት ደቂቃ ያማስሉት፣ አምስት ደቂቃ ያሳርፉት፣ በጨርቅ አጥልለው ደግሞ 20 ደቂቃ ያቆዩት። በረኪናን በሚመለከት፣ መጠኑ በመለያው ላይ ያልተጻፈበትን ወይም ሽቶ ያለበትን ለመጠጥ ውኃ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በጁባ ሙቀት ለወራት በሱቅ መደርደሪያ ላይ የቆየም ኃይሉ ይደክማል።

ሮቶውን በሙሉ ማከም ለሚሹ፣ ለ1,000 ሊትር ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ካለበት የዱቄት ክሎሪን ሦስት ግራም ያህል በባልዲ ውኃ ሟሙቶ ቢጨመር በሊትር ሁለት ሚሊግራም ይሰጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በመዋኛ ገንዳ መለኪያ ይለኩት፤ የቀረው 0.5 ሚሊግራም ከሆነ ደኅና ነው፤ ከዚያ ካነሰ ውኃው ክሎሪኑን በልቶታልና ይጨመርበት። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው፤ የታከመው ውኃ አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ እንጂ እጅ በሚገባበት ባልዲ ውስጥ በጣሳ አይቀዳ። የከሰል ማጣሪያ ካለዎትም ክሎሪኑ ከእሱ በኋላ ይጨመር፤ በፊት የተጨመረውን ያጠፋዋልና።

አሁን ወደ ነፋስ እንለፍ። በአየር ነገር የመጀመሪያው ማጣሪያ የጢሱን ምንጭ ማራቅ ነው፤ ይህንንም የምለው ገንዘብን ለማዳን ብቻ አይደለም። ከጄኔሬተርና ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በገበያ ያለ የቤት አየር ማጣሪያም አይይዘውም፤ በተኙበት ይገድላል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፤ የጢስ መውጫው ወደ ጎረቤት መኝታ እንዳይዞርም ይጠንቀቁ፤ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ከተገኘ በመኝታ ክፍል ይሰቀል። ከሰል በተዘጋ ቤት አይንደድ፤ ቆሻሻም በግቢ አይቃጠል።

ስለ ቡናችንም አንድ ነገር ልበል። ኤሲ በሚነፍስበት ዝግ ሳሎን ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዕጣን ጨምሮ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጥ ቤተሰብ፣ በጎዳናው ላይ ካለው የባሰ አየር ለራሱ ያዘጋጃል። ዕጣኑን ለመከልከል አልደፍርም፤ ግን በረንዳ ለዚህ የተሠራ ነውና ማንደጃው ወደዚያ ይውጣ፤ ዕጣኑም በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይጢስ።

ምንጩ ከራቀ በኋላ የአቧራው ነገር ይቀራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ የዐቢይ ጾም ወራት ከሙቀቱ ጋር በሚገናኝበት ጊዜ፣ ያልተነጠፈው መንገድ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። በኤሲው ፊት ያለው መረብ ግዙፉን አቧራ ብቻ ስለሚይዝ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ሳንባን ዘልቆ ወደ ደም የሚደርሰው ረቂቅ ብናኝ፣ ፒ ኤም 2.5 የሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በአየር ሜትር ኩብ በዓመት አማካይ ከአምስት ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የመከረበት፣ በዚያ መረብ ያልፋል፤ እሱን የሚይዘው ሄፓ የተባለው ማጣሪያ ነው። «ሄፓ መሰል» የሚለው ጽሑፍ ሄፓ አይደለም፤ ኤች 13 የሚል ደረጃ ይፈልጉ። መጠኑንም በስሌት ይምረጡ፤ አራት በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 48 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ይህን በሰዓት አምስት ጊዜ ለማጥራት በሰዓት 240 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። መጀመሪያ መኝታ ቤቱን ያጥሩ፤ የቀኑ ሲሶ የሚያልፈው በዚያ ነው። ኦዞን እረጫለሁ የሚለውን መሣሪያ አይግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚያቆስል ነገር ነው።

መሣሪያው ከተወደደብዎ ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ2020 ያሰቡትን ዘዴ ይሞክሩ፤ አራት ሜርቭ 13 ደረጃ ያላቸው ጠፍጣፋ ማጣሪያዎች ሣጥን ሆነው በፕላስተር ይገጣጠማሉ፣ ከሥር ካርቶን፣ ከላይም ወደ ውጭ የሚነፍስ ባለ አራት ማዕዘን ቬንትሌተር ይደረግባቸዋል። በሶላር ባትሪ የሚኖር ሰው የሚፈጀውን ዋት አስቀድሞ ያስላ።

ከመግዛትዎ በፊት የመጨረሻው ጥያቄ መለወጫው በጁባ ይገኝ እንደ ሆነ ነው። ወደ ኮኞኮኞ ገበያ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በኒሙሌ መንገድ ከኡጋንዳና ከኬንያ ስለሚመጣ፣ ዛሬ ያዩት ሻማ ሲያልቅ ያው ዓይነት ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከማጣሪያው ጋር ቢያንስ ሁለት ሻማ ወይም ሁለት መለወጫ አብረው ይግዙ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ካለም በሻንጣው እንዲያመጣ ይጠይቁት፤ ሸክላው እንዳይሰበር በልብስ ይጠቅለል። የተተከለበትን ቀን በባልዲው ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ። ሄፓ ሲሞላ አይታጠብም፤ ውኃ ያበላሸዋልና፤ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ አውጥተው በከረጢት አሥረው ይጣሉት፤ አዲሱን ሲገጥሙም የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ይመልከቱ።